በ2009 የደረሰው የዋሽንግተን ሜትሮ ግጭት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሜትሮ ባቡር መስመሮች አንዱ በሆነው በሬድ ላይን የሚመላለሱ ወገኖች ዛሬም ድረስ የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ አስቀምጫለሁ፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባጭሩ ምንድን ነው የሆነው?

ቀኑ ሰኞ፣ ጁን 22 ቀን 2009 ነው። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 15 ቀን 2001 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ለ11 ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ በአሜሪካኖቹ ሰዓት 4፡58 ላይ፣ ወደ መሀል ዲሲ የሚሄድ አንድ የሬድ ላይን ባቡር በታኮማና በፎርት ቶተን ጣቢያዎች መካከል ሐዲዱ ላይ ቆሞ ነበር። ከኋላው የመጣ ባለ 6 ፉርጎ ባቡር በፍጥነት መጥቶ ገጨው።

9 ሰዎች ሞቱ። አንዷ የኋለኛው ባቡር ሾፌር ናት፤ ስምንቱ ተሳፋሪዎች ናቸው። 52 ሰዎች ሆስፒታል ተወሰዱ። ሜትሮ በ1976 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህን ያህል ሰው የሞተበት አደጋ የለም።

የምድር ውስጥ ባቡር አይደል? አደጋው ዋሻ ውስጥ ነው የደረሰው?

አይደለም፣ ከመሬት በላይ ነው። ሜትሮ መሀል ከተማ ላይ ከመሬት በታች ይሄዳል እንጂ ወደ ዳር ሲወጣ ብዙ ቦታ ላይ ፀሐይ ያገኘዋል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስታችሁ ዩኒየን ስቴሽን እስክትደርሱ ድረስ ቤቱን፣ ዛፉን፣ በጎን የሚያልፈውን የጭነት ባቡር እያያችሁ ነው የምትሄዱት። አደጋው የደረሰው እዚያ መስመር ላይ፣ ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ ከሐዲዱ በላይ ከሚያልፍበት ድልድይ አጠገብ ነው።

ለነፍስ አድን ሠራተኞች ይህ ትንሽም ቢሆን ጠቅሟቸዋል። ዋሻ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ጨለማውና ጭሱ ይጨመርባቸው ነበር። ያም ሆኖ ሥራው ቀላል አልነበረም። ፎቶውን ያየ ሰው አይረሳውም፤ አንዱ ባቡር በሌላው ጀርባ ላይ ተሰቅሎ፣ ብረቱ እንደ ወረቀት ተጨማዶ። የሟቾች ቁጥርም በአንዴ አልታወቀም። ሌሊቱን ሙሉ ብረት እየቆረጡ ሲፈልጉ አድረው ነው 9 መድረሱ የተረጋገጠው።

የሞቱት እነማን ናቸው? ኢትዮጵያዊ ነበረበት?

ከ9ኙ መካከል ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ብዙ ሰው ይህን የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። መስመሩ የእኛ መስመር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና ታኮማ አካባቢ ስንት ሐበሻ እንደሚኖር የዲሲ ሰው ያውቃል። ሰዓቱን ደግሞ ልብ በሉ። ለ11 ሰዓት ጥቂት ሲቀረው አብዛኛው ሰው ከመሀል ከተማ ወደ ቤቱ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ሁለቱ ባቡሮች ግን በተቃራኒው ወደ መሀል ከተማ ነበር የሚሄዱት። በዚያ ሰዓት ወደዚያ የሚሄደው ማነው? የማታ ፈረቃ ያለው፣ ሆቴል፣ ሬስቶራንትና ፓርኪንግ ሎት የሚሠራው ሰው አንዱ ነው። ያን ቀን ስልክ ሲደዋወል ያመሸው ለዚህ ነው። «የት ነህ? ገብተሃል?» ነበር ወሬው ሁሉ።

ከሟቾቹ መካከል በሕዝብ ዘንድ የሚታወቁት ጡረተኛው ሜጀር ጄኔራል ዴቪድ ዌርሊ ናቸው። እስከ 2008 የዲሲ ናሽናል ጋርድ አዛዥ ነበሩ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ዋና ከተማዋን እንዲጠብቁ ከአንድሪውስ የአየር ኃይል ሰፈር ተዋጊ ጄቶችን ያስነሱት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸውም አብረዋቸው ነበሩ፤ ሁለቱም በዚያ ፉርጎ ውስጥ አለፉ። የቀሩት እንደ እኔና እንደ እናንተ ካርዳቸውን ነክተው የገቡ ሰዎች ናቸው።

መታሰቢያ አላቸው?

አላቸው። አደጋው በደረሰ በ6ኛ ዓመቱ፣ ጁን 22 ቀን 2015፣ ከቦታው አጠገብ ሌጋሲ ሜሞሪያል ፓርክ የተባለ ትንሽ መናፈሻ ተከፈተ። ለ9ኙ ሰዎች 9 ሐውልቶች ቆመውበታል። ሰፈር ውስጥ ያለ ጸጥ ያለ ቦታ ነው። ከፎርት ቶተን ጣቢያ በእግር መድረስ ይቻላል። አንድ ቀን ጊዜ ካላችሁ ጎራ በሉ።

ሾፌሯ ተኝታ ነበር? ስልክ እያወራች ነበር?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። በአደጋው ሰሞን ብዙ ጣት እሷ ላይ ተቀስሮ ነበር። ባቡር መንዳት ከጀመረች ጥቂት ወሯ ነው ተባለ። የሞተ ሰው ራሱን መከላከል ስለማይችል እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልመልስ።

ስልኳ የተገኘው ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ባቡሩን በዚያ ሰዓት ይነዳ የነበረው ኮምፒውተር ነበር፤ እሱም የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ነው፣ የእሷ ምርጫ አይደለም። ከፊቷ ባለው ሰሌዳ ላይ ደግሞ የአደጋ ጊዜ ፍሬን አለ። እንጉዳይ የምትመስል፣ በመዳፍ የምትመታ አዝራር ናት። የብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ መርማሪዎች የተጨፈለቀውን ክፍል ሲከፍቱ ያቺ አዝራር ወደ ታች ተጭና አገኟት። የባቡሩ ፍሬን ዲስኮችም በኃይል መያዛቸውን የሚያሳይ ምልክት ነበራቸው። ሴትዮዋ የቆመውን ባቡር እንዳየች አዝራሯን መታች ማለት ነው። ሐዲዱ እዚያ ጋ ስለሚታጠፍ ከሩቅ አይታይም፤ ርቀቱ አልበቃትም።

ስለዚህ ለሚጠይቃችሁ ሁሉ ንገሩ፦ ጥፋቱ የሾፌሯ አይደለም። ምርመራውም ያለው ይህንኑ ነው።

ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው?

የቆመው ባቡር ከሲስተሙ ጠፋ። ባቡሩ ሐዲዱ ላይ ተገትሮ ሳለ ኮምፒውተሩ «ሐዲዱ ባዶ ነው» አለ። ሐዲዱ ባዶ ከሆነ ደግሞ ከኋላ ለሚመጣው የሚሰጠው ትዕዛዝ «ሂድ» ነው። የኋለኛው ባቡር በሰዓት 55 ማይል፣ ማለትም 88 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲሄድ ትዕዛዝ ደርሶት ነበር።

እንዴት ጠፋ? ሐዲዱ በየክፍሉ ተከፋፍሏል። በእያንዳንዱ ክፍል በአንደኛው ጫፍ የኤሌክትሪክ ምልክት ይላካል፣ በሌላኛው ጫፍ ተቀባዩ ይጠብቀዋል። ባቡር ሲገባ ብረት ጎማዎቹ ሁለቱን ሐዲዶች ያገናኙና ምልክቱ እዚያው ይቆረጣል። ተቀባዩ ምልክት ካጣ «ሰው አለ» ይላል፣ ከኋላ ያለውን ያስቆማል። በሩ ክፍት የሆነ ጎጆ ውስጥ ተቀምጣችሁ አስቡት። ሰው በሩ ላይ ሲቆም ብርሃኑ ይጋረዳል፤ ዞር ብላችሁ ሳታዩ እንኳ ሰው መምጣቱን ታውቃላችሁ። አሁን ግን ከውስጥ ከኋላችሁ አንዱ ፋኖስ ቢለኩስስ? በሩ ቢጋረድም ጎጆው ብርሃን ነው። ሰው መቆሙን በምን ታውቃላችሁ?

የሆነው ይኸው ነው። መላኪያው መሣሪያ በብልሽት የተነሳ ያልታሰበ ሌላ ምልክት ያመነጭ ነበር። ያ ምልክት በሐዲዱ በኩል ሳይሆን መሣሪያዎቹ በተደረደሩበት የብረት መደርደሪያና በጋራ ኤሌክትሪካቸው በኩል ሾልኮ ተቀባዩ ጋ ደረሰ። ተቀባዩም ትክክለኛው ምልክት መስሎት «ባዶ ነው» አለ። የባቡር ሲግናል የሚሠራው «ከተበላሸ ያቁም» በሚል መርህ ነው። እዚህ ግን ብልሽቱ «ሂድ» አለ። ከሁሉ የከፋው ብልሽት እንዲህ ያለው ነው።

የፊተኛው ባቡርስ ለምን እዚያ ቦታ ላይ ቆመ?

እሱንም ያቆመው ያው ብልሽት ነው። ባቡሩ ከሲስተሙ ሲጠፋ የፍጥነት ትዕዛዝም አይደርሰውም። ትዕዛዝ ያልደረሰው ባቡር ፍጥነቱ ዜሮ እንዲሆን ነው የሚታዘዘው።

ግን እኮ በዚያ ክፍል ላይ ከእሱ በፊትም ባቡሮች አልፈዋል፤ እነሱስ? እነሱም ጠፍተው ነበር። በራስ ሰር እየሄዱ ስለነበር ፍጥነት ነበራቸው። ትዕዛዙ ቢቋረጥም በመጡበት ጉልበት ተንሸራተው ወደሚቀጥለው ክፍል ገቡና እንደገና ታዩ። የፊተኛው ባቡር ሾፌር ግን ያን ቀን በእጁ ነበር የሚነዳው፣ ረጋ ብሎ። ስለዚህ ባቡሩ ያንን ክፍል መሻገር ሳይችል ሙሉ በሙሉ ውስጡ ቆመ። ልክ በዓይነ ስውሩ ቦታ ላይ። ሾፌሩ ግን ምንም ያጠፋው ነገር የለም።

ብልሽቱ የዚያን ቀን የተፈጠረ ነው?

አይደለም። አምስት ቀን ሞልቶታል። ጁን 17 ቀን ሠራተኞች በዚያ ክፍል ላይ፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል የምትቀመጠውን የኤሌክትሪክ ሳጥን በአዲስ ቀየሩ። አዲሷ ሳጥን ከአሮጌው መሣሪያ ጋር ተገናኝታ ስትሠራ የተደበቀው ችግር ወጣ። ከዚያ ጀምሮ በዚያ ክፍል የሚያልፉ ባቡሮች ይጠፉ፣ ይታዩ ነበር። ጥገና እንደሚያስፈልገውም ወረቀት ተጽፎለት ነበር። ባቡሮቹ ግን ማለፋቸውን አላቋረጡም።

አምስት ቀን ማለት ስንት ባቡር፣ ስንት ሰው እንደሆነ አስቡት። ከእነዚያ ባቡሮች በአንዱ ተቀምጠን በስልካችን ስንጫወት ያለፍን ብዙዎች ነን።

ቀድሞ የታወቀ ነገር ነበር እንዴ?

አዎ፣ ነበር። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ጁን 7 ቀን 2005፣ ከአደጋው አራት ዓመት በፊት፣ በፖቶማክ ወንዝ ሥር ባለው ዋሻ ውስጥ በሮስሊን ጣቢያ በኩል ተመሳሳይ ነገር ተፈጥሮ ነበር። ባቡር ከሲስተሙ ጠፋ፣ ከኋላ ለሚመጡትም «ሂዱ» የሚል ትዕዛዝ ተላከ። ያን ጊዜ ሾፌሮቹ በዓይናቸው አይተው ፍሬን ያዙ፤ ሰው ሳይጎዳ ቀረ። መሥሪያ ቤቱም ዝም አላለም። ኢንጂነሮቹ ምክንያቱን አጠኑ። እንዲህ ያለውን ብልሽት የሚያጋልጥ አዲስ የፍተሻ አሠራር አወጡ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ሐዲዱ ላይ የባቡር ጎማን የሚተካ ብረት በመጀመሪያው፣ በመሀሉና በመጨረሻው ጫፍ እያገናኙ ሲስተሙ ያየው እንደሆነ መሞከር።

በ2009 መርማሪዎቹ መጥተው የጥገና ሠራተኞቹን ስለዚህ አሠራር ሲጠይቋቸው የሚያውቀው አልተገኘም። ወረቀቱ ወጥቷል፤ ሐዲዱ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚሠራው ሰው እጅ ግን አልገባም። ጁን 17 ሳጥኗ ከተቀየረች በኋላ ያ ፍተሻ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ብልሽቱ እዚያው ይታወቅ ነበር። መርማሪዎቹ ለአደጋው ምክንያት ነው ካሉት ውስጥም አንዱ ይኸው ነው፦ መሣሪያው መበላሸቱ ብቻ ሳይሆን የተዘጋጀው ፍተሻ በመስመሩ ሁሉ እንዲሠራበት አለመደረጉ።

መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች እንዴት አላዩትም?

ኮምፒውተሩ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ ነበር። ችግሩ በየሳምንቱ በሺዎች የሚቆጠር ማስጠንቀቂያ መስጠቱ ነው። አብዛኛው እዚህ ግባ የማይባል ጥቃቅን ብልሽት ስለነበር ሠራተኛው እያየ ማለፍን ለመደ። በየሌሊቱ የሚጮህ ውሻ ሌባ በመጣበት ሌሊት ቢጮህ ማን ይነሳለታል?

ሟቾቹ ለምን ሁሉም በአንድ ፉርጎ ውስጥ ሆኑ?

ፉርጎው አሮጌ ነው፤ የተሠራበት መንገድም ደካማ ነበር። የኋለኛው ባቡር የፊት ፉርጎ 1000 ከሚባለው ተከታታይ ነው። ሜትሮ መጀመሪያ የገዛቸው፣ በ1970ዎቹ የተሠሩ ናቸው። ሲጋጭ የፊተኛው ባቡር የኋላ ፉርጎ እሱ ውስጥ ገባበት። 23 ሜትር ርዝመት ካለው ፉርጎ 19 ሜትር ያህሉ ሰው የሚተርፍበት ቦታ አልነበረውም። ክብሪት ቀፎው ውስጥ ሲገባ ታያላችሁ? እንደዚያ ነው።

እዚህም ላይ ማስጠንቀቂያ ነበር። ኖቬምበር 3 ቀን 2004 አንድ ባዶ ባቡር ወደ ኋላ ተንሸራቶ ዉድሊ ፓርክ ጣቢያ ላይ የቆመ ባቡር ገጭቶ ነበር። ያን ጊዜም የ1000ው ፉርጎ በተመሳሳይ መንገድ ተጨፈለቀ። ወደ 20 ሰው ተጎዳ እንጂ የሞተ የለም፤ ፉርጎው ሰው ቢኖርበት ኖሮ ምን እንደሚሆን ግን ያየ ሁሉ ተረድቶታል። የብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2006 «እነዚህን ፉርጎዎች አጠናክሯቸው ወይም ቶሎ አስወግዷቸው» አለ። ሜትሮ ፉርጎዎቹን በታክስ ምክንያት በገባው የኪራይ ውል ሳቢያ እስከ 2014 መጨረሻ ሊለቃቸው እንደማይችል መለሰ።

ከአደጋው በኋላ የ1000 ፉርጎዎችን ከፊትና ከኋላ አንስተው ባቡሩ መሀል ላይ አደረጓቸው። በ2017 ሙሉ በሙሉ ከሥራ ወጡ።

ታዲያ ማን ተጠያቂ ሆነ?

የደህንነት ቦርዱ ሪፖርቱን ጁላይ 27 ቀን 2010 አጸደቀ። ቦርዱ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ሰው አያስርም፣ ምክንያት ነው የሚናገረው። የተናገረው ግን ከባድ ነው። በሜትሮ ውስጥ የደህንነት ባህል አልነበረም አለ። የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ቦርድ በሚገባ አልተቆጣጠረም፣ የመሣሪያው አምራች የጥገና ዕቅድ አላዘጋጀም፣ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በጋራ ያቋቋሙት ተቆጣጣሪ ኮሚቴም ጥርስ አልነበረውም አለ። የፌዴራል ትራንዚት አስተዳደር ደግሞ የከተማ ባቡሮችን ደህንነት ለመቆጣጠር የሚያስችል ሕጋዊ ሥልጣን አልነበረውም።

ይህን የመጨረሻውን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ። ለአውሮፕላኑ የፌዴራል ተቆጣጣሪ አለው፣ ለጭነት ባቡሩ አለው፤ በየቀኑ መቶ ሺዎች ለሚሳፈሩበት የከተማ ባቡር ግን አልነበረም። የሜትሮ ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ጆን ካቶ በ2010 መጀመሪያ ሥራቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ።

ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ?

ብዙ ነገር ተለውጧል፣ በቀላሉ ግን አይደለም። የተጠረጠሩት አሮጌ የሲግናል መሣሪያዎች እንዲነሱ ተደረገ። በ2012 ኮንግረስ ለፌዴራል ትራንዚት አስተዳደር ሥልጣን ሰጠው። አዲሶቹ የ7000 ፉርጎዎች ከ2015 ጀምሮ ሥራ ገቡ። ከገንዘቡ ከፊሉ የመጣው ከፌዴራል መንግሥቱ በ10 ዓመት 1.5 ቢሊዮን ዶላር፣ ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያም አንድ ላይ ያንኑ ያህል እንዲሰጥ በተደረገው ስምምነት ነው።

ግን ጃንዋሪ 12 ቀን 2015 ሌንፋንት ፕላዛ አጠገብ ዋሻው ውስጥ ባቡር በጭስ ታፍኖ ቆመ፤ አንዲት ተሳፋሪ ሞተች። ከዚያ በኋላ ነው ፌዴራሉ ራሱ ቁጥጥሩን የያዘው። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ የዋሽንግተን ሜትሮሬል ደህንነት ኮሚሽን የሚባል ራሱን የቻለ አካል ተረከበው። ይሄኛው ጥርስ አለው። ኦክቶበር 2021 አንድ የ7000 ባቡር በአርሊንግተን መቃብር አካባቢ ሐዲድ ሲለቅ፣ ጎማዎቹ በሚያገናኛቸው ዘንግ (አክስል) ላይ ከቦታቸው መንሸራተታቸው ታወቀ። ኮሚሽኑ 748ቱንም ፉርጎዎች ከሥራ አስወጣ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ባቡር ጠፋ ማለት ነው። ያን ሰሞን ጣቢያ ላይ ግማሽ ሰዓት ስንጠብቅ ስንቱን ተማረርን። እኔ ግን በውስጤ ደስ ብሎኛል፤ በ2009 የጠፋው እንዲህ «ቁም» የሚል ሰው ነበር።

የትኛው ፉርጎ ላይ ብቀመጥ ይሻላል?

ከአደጋው በኋላ ብዙ ሰው መሀል ፉርጎ መቀመጥ ጀምሮ ነበር። ግጭት ብቻ ከታሰበ መሀሉ ከፊትና ከኋላው ይሻላል። ነገር ግን በአሜሪካ መንገድ ላይ በመኪና የሚሞተውንና በከተማ ባቡር የሚሞተውን ብታነጻጽሩ ባቡሩ በጣም የተሻለ ነው። ፈርታችሁ ባቡሩን ትታችሁ በመኪና ቤልትዌይ ላይ ብትወጡ አደጋውን ጨመራችሁት እንጂ አልቀነሳችሁትም። እኔ ባዶ ወንበር ያለበት ነው የምገባው።

ባቡሩ መሀል መንገድ ቢቆም ወይም ጭስ ቢገባ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ በር ከፍታችሁ አትውረዱ። ከሐዲዱ ጎን ያለው ሦስተኛው ሐዲድ 750 ቮልት ኤሌክትሪክ ተሸክሟል፤ የነካው ሰው የመትረፍ ዕድሉ ጠባብ ነው። ፉርጎው ውስጥ ከሾፌሩ ጋር የሚያገናኝ ኢንተርኮም አለ። ተጭናችሁ የፉርጎውን ቁጥር ንገሩ፤ ቁጥሩ ጫፍ ላይ በር አካባቢ ተጽፏል። ጭስ ካለ ወደሚቀጥለው ፉርጎ ማለፍ ይሻላል። እንግሊዝኛ የሚቸግራቸው እናቶችና አባቶች ካሏችሁ ይህን በአማርኛ ቁጭ ብላችሁ አስረዷቸው። የሜትሮ ፖሊስ ስልክ 202-962-2121 ነው፤ ስልካቸው ላይ መዝግቡላቸው።

ባቡሮቹ እንደገና በኮምፒውተር መነዳት ጀምረዋል አሉ። ሰዎቹ ከ2009 አልተማሩም?

እውነት ነው፣ ጀምረዋል። ከአደጋው በኋላ ለ15 ዓመት ያህል ባቡሮቹ በሾፌር እጅ ነበር የሚነዱት። ዲሴምበር 15 ቀን 2024 ሬድ ላይን ወደ ኮምፒውተር ተመለሰ፤ እስከ ጁን 2025 ደግሞ ሁሉም መስመሮች ተከተሉ። ልዩነቱን የተሳፈረ ያውቀዋል። በእጅ ሲነዳ ጣቢያ ሲገባ ነቅነቅ፣ ቆም፣ እንደገና ነቅነቅ ነበር። ቆማችሁ ብረቱን ካልያዛችሁ ሰው ላይ ትወድቃላችሁ። አሁን ለስላሳ ነው።

ፍርሃቱ ይገባኛል፣ ግን ሁለት ነገር መለየት አለበት። ባቡሩን የሚነዳው አንድ ነው፣ ባቡሮች እንዳይጋጩ የሚጠብቀው ሌላ ነው። በ2009 የከዳው ጠባቂው ነው፣ የቆመውን ባቡር ማየት የነበረበት። ጠባቂው ደግሞ ሾፌሩ በእጁ ሲነዳም ሥራ ላይ ነው። የፊተኛው ባቡር እኮ በእጅ ነበር የሚነዳው፤ እሱም ጠፍቷል። ስለዚህ በእጅ መንዳቱ ለጊዜው የሾፌሩን ዓይን ጨመረ እንጂ የተበላሸውን ጠባቂ አልጠገነም። የጠገነው መሣሪያዎቹን መቀየርና ሐዲዱን መፈተሽ ነው።

እኔ ሰው ሲጠይቀኝ የምለው ይህን ነው፦ ማን ነዳው ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሐዲዱ መቼ ተፈተሸ፣ ማን ፈተሸው፣ የተገኘውስ ብልሽት ወዴት ሄደ ብላችሁ ጠይቁ። የደህንነት ኮሚሽኑ ሪፖርቶቹን ለሕዝብ ያወጣል፣ ስብሰባውም ለሕዝብ ክፍት ነው። የሾፌሩን ነገር ከሆነ ደግሞ፣ ኮምፒውተሩ ቢነዳም ሾፌሩ ዛሬም ፊት ለፊት ተቀምጦ ሐዲዱን ያያል፤ የአደጋ ጊዜ ፍሬኑም ከእጁ ሥር ነው።